ላሟ ስትታሰር ማን ይሄዳል? የመኖ እጥረትና የሴቶች የሥራ ጫና በሲዳማ ኮረብቶች

ሐዋሳ ላይ የወተት ወሬ ሲነሳ ብዙ ጊዜ መጨረሻው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሁሉ የተዳቀለ ጊደር ለገበሬው ታድሎ ወተቱ የት ገባ? የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ይፋ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው በርትቷል። መልስ የሚሰጥ አይጠፋም። አንዱ ዝርያው ከአየሩ ጋር አልተስማማም ይላል፤ ሌላው ገበሬው አያያዝ አያውቅም ይላል፤ ሦስተኛው ነጋዴውን ይረግማል። ሦስቱም ጥቂት ጥቂት እውነት ይዘዋል።

ከሦስቱም የሚጎድለው ግን ሣሩን ማን አጭዶ፣ ከየት ተሸክሞ፣ በስንት ሰዓት በረት እንደሚያደርሰው ነው። ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ከ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ወደ ወንዶ ገነት፣ ማልጋ፣ ጎርቼ፣ ሁላና አርቤጎና እየወጣ ከ2,700 ሜትር በላይ በሚደርሰው ኮረብታማ አገር ይህ ሥራ በአብዛኛው የተተወው ለሴቶችና ለልጃገረዶች ነው። እዚያ የመኖ እጥረት ሲመጣ ላሟ ከመክሳቷ በፊት የሴቷ መንገድ ይረዝማል። ወተት በሊትር ይቆጠራል፣ ጊደር በራስ ይቆጠራል፤ የሸክሙን ብዛትና የመንገዱን ሰዓት ግን የሚመዘግብ ሪፖርት እምብዛም የለም። ወተቱ የት ገባ ለሚለው ጥያቄ ትልቁ መልስ ያለው እዚህ ያልተመዘገበው ውስጥ ነው።

"መኖ የለም" ሲባል

የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የእንስሳት ናሙና ጥናቶች ለዓመታት ያሳዩት ሥዕል ብዙም አይለዋወጥም። የአገሪቱ እንስሳት ከሚበሉት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግጦሽ ነው፤ ሲሶ ገደማው ገለባ፣ ጭድና አገዳ ነው፤ ድርቆሽ ትንሽ ድርሻ አለው፤ ተዘርቶ ወይም ተተክሎ የሚታጨድ "የተሻሻለ መኖ" የሚባለው ግን 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ግጦሹ ሲጠብብ የሚተካው ነገር ቀድሞውኑ አልተዘጋጀም።

በሲዳማ ደጋና ወይናደጋ ግጦሹ የጠበበበት ምክንያት ምሥጢር አይደለም። ሕዝቡ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረበት አገር ነው፤ አባት ለልጆቹ ሲያካፍል የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከግማሽ ሄክታር ብዙም የማይርቅበት ቀበሌ ብዙ ነው። የጋራ መስኮች ለቤት መሥሪያ፣ ለተቋማትና ለሥራ አጥ ወጣቶች ማኅበራት ተሸነሸኑ። ወንዶ ገነት አካባቢ ጫት፣ ወደ ሁላ በኩል ባሕር ዛፍ የሣሩን ቦታ ወሰዱ። በዚህ ገበሬውን መውቀስ አይገባም፤ ባሕር ዛፍ ተክሎ ሲደርስለት በአንድ ጊዜ የሚያገኘውን ብር ሣር አይሰጠውም። ሆኖም በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ሣር በደንብ አይበቅልም፤ ባለቤቱ የሸጠው ዛፍ ለሚስቱ ሌላ ኪሎ ሜትር ሆኖ ይመጣል።

በዚህ ላይ ወቅቱ አለ። ክረምት ከወጣ በኋላ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅ ነው፤ የበልግ ዝናብ ተስፋ የሚደረገው በመጋቢት ነው። በወይናደጋው ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ ሣሩ መድረቅ በሚጀምርባቸው በእነዚሁ ወራት ሲሆን ለቀማው ደግሞ የሴት እጅ ይፈልጋል። እንሰት መፋቁም በብዛት የሚሠራው በበጋ ነው። ሦስት ሥራ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ሰው ላይ ይወድቃል ማለት ነው።

እጥረት ሲባል ብዙ ጊዜ መጠን ብቻ ይታሰባል። ጥራትም አለ፤ ላሟ ጠግባ ገለባ ብትበላ ወተት ላይኖራት ይችላል። ርቀትም አለ፤ ሣሩ ገደል ውስጥ ወይም ከወንዙ ማዶ ካለ ለመኖ ባለሙያው "አለ" ነው፤ ለምታመጣው ሴት ግን የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የአንዲት ላም የቀን ቀለብ በሸክም ሲሰላ

የመኖ ባለሙያዎች ቀለብ የሚያሰሉት "ደረቅ ይዘት" በሚሉት ነው። መኖው ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ ቢተን የሚቀረው ክብደት ማለት ነው። ላም በቀን ከክብደቷ ከ2.5 እስከ 3 በመቶ የሚሆን ደረቅ ይዘት ትበላለች። 350 ኪሎ የምትመዝን የተዳቀለች ላም እንግዲህ በትንሹ 9 ኪሎ ያስፈልጋታል። ለጋ አረንጓዴ ሣር ከአምስት እጁ አራቱ ውሃ ስለሆነ 9 ኪሎ ደረቅ ይዘት ለማግኘት 45 ኪሎ ሣር መታጨድ አለበት።

አንዲት ሴት በዳገት ላይ የምትሸከመው እርጥብ ሣር ከ20 እስከ 25 ኪሎ ቢሆን፣ አንዲት ላም በቀን ሁለት ሸክም ናት። ሣሩ ሳሳ ባለበት ቦታ አንዱን ሸክም አጭዶ መሰብሰብ አንድ ሰዓት ቢወስድ፣ ደርሶ መልሱ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን፣ ሁለቱ ሸክሞች አምስት ሰዓት በሉ። ይህ ውሃ ሳይቀዳ፣ በረት ሳይጠረግ፣ ላሟ ሳትታለብ፣ ምጣድ ሳይጣድ ነው።

የሸክሙ አሠራር ራሱ ቀላል አይደለም። የታጨደው ሣር ሥሩ በአንድ ወገን ተስተካክሎ ይደረደራል፤ ሁለት ቦታ ላይ በእንሰት ቃጫ ገመድ ይጠፈራል፤ ተሸካሚዋ ቁጭ ብላ ጀርባዋን ታስጠጋለች፣ ገመዱን በትከሻዋ አሳልፋ ደረቷ ላይ ትይዛለች፣ ከዚያ ወደ ፊት አጎንብሳ ትነሳለች። ዳገት ሲወጣ ገመዱ ደረትን ያጠብባል፤ ቁልቁለት ሲወረድ ክብደቱ ጉልበት ላይ ያርፋል። ነፍሰ ጡር ብትሆን ደግሞ ሣሩ አይቀርላትም፤ ሸክሙ ቢቀነስላት ጉዞው ይበዛል እንጂ የላሟ ቀለብ አያንስም።

ውሃውም አለ። ላም ለምትበላው ለእያንዳንዱ ኪሎ ደረቅ ይዘት ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ትፈልጋለች። በክረምት አብዛኛው ከሣሩ ውስጥ ይገኛል፤ በበጋ ደረቅ አገዳና ገለባ ስትበላ ግን ከ40 ሊትር በላይ መቅዳት ግድ ነው፤ ሁለት ሦስት ጀሪካን ማለት ነው። ምንጩ የሚሸሸው ደግሞ በዚያው በበጋ ነው። ከዚያ በየቀኑ ከ20 እስከ 25 ኪሎ እበት ተዝቆ ወደ እንሰቱ ይወሰዳል። በክረምት ሣሩን፣ ውሃውንና እበቱን ብትደምሩት አንዲት ላም በቀን ከ65 እስከ 80 ኪሎ በሰው እጅ ታሳልፋለች።

ዜሮ ግጦሽ ማንን አሳረፈ?

"ዜሮ ግጦሽ" ማለት እንስሳውን ሜዳ ሳይለቁ በበረት አስሮ መኖውን አጭዶ ማቅረብ ነው። ቃሉ አንዳንዶችን ያሳስታል፤ ላሟ ሣር አትበላም ማለት ሳይሆን ወደ ሣሩ አትሄድም ማለት ነው። በልቅ ግጦሽ ጊዜ አጫጁም ተሸካሚውም ላሟ ራሷ ነበረች፤ በአፏ ታጭዳለች፣ በሆዷ ትሸከማለች፣ በእግሯ ትመጣለች። ከታሰረች በኋላ ያ ሥራ የግድ ወደ ሰው ይዞራል።

ለዜሮ ግጦሽ የሚከራከሩት ባለሙያዎች ጠንካራ ነጥብ አላቸው። በተራቆተ ኮረብታ ላይ ከብት መልቀቅ አፈሩን ይጨርሳል፤ የታጠበው አፈር ደግሞ በጥቁር ውሃና በሌሎች ጅረቶች ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይወርዳል። የተዳቀለች ላም ሜዳ ላይ ስትውል ለመዥገርና ለተላላፊ በሽታ ትጋለጣለች፤ ከማይታወቅ ኮርማ ትጠቃለች። ፍጉም አንድ ቦታ ይጠራቀማል፤ እረኛ ልጅም ትምህርት ቤት ይሄዳል። የመጨረሻው በተለይ ቀላል ጥቅም አይደለም።

በሌላ ወገን ያሉት የሚሉት፣ እረኛው ልጅ ነፃ ሲወጣ ሥራው እናትና እህት ላይ አረፈ ነው። እረኝነት ሲከፋም ሲለማም ለወንድ ልጅ የሚሰጥ ሥራ ነበር፤ "አጭዶ ማብላት" ግን ከበረት፣ በረት ደግሞ ከጓዳ ጋር ተያይዞ ስለሚታይ የሴት ሥራ ተብሎ ተመደበ። ማንም ቁጭ ብሎ አልወሰነውም፤ ሥራው በር ላይ ሲደርስ በሩ ላይ ያለችው ተቀበለችው።

ሁለቱ ወገኖች የሚጣሉ ቢመስልም የሚያለያያቸው መኖው ያለበት ርቀት ነው። ደሾ ሣር በእርከን ላይ፣ የመኖ ዛፍ በአጥር ላይ ባለበት ግቢ ዜሮ ግጦሽ በእርግጥ ጊዜ ይቆጥባል፤ ሴቷ ከቤቷ ሳትርቅ በሰዓት ውስጥ ትጨርሳለች። ግቢው ባዶ ሆኖ ላሟ ከታሰረች ግን የተከለከለው የላሟ ጉዞ ብቻ ነው። ብዙ ቦታ የተፈጸመው ሁለተኛው ነው፤ መጀመሪያ ግጦሹ ተከለከለ፣ መኖ መትከሉ ለቀጣይ ዓመት ተባለ።

የጋራ ኮረብታ ሲከለልም እንዲሁ ነው። የተከለለ መሬት ሣሩ እስኪያገግም ሁለት ክረምት ያህል ይፈልጋል። ከዚያ ታጭዶ ሲከፋፈል ስም ዝርዝሩ የሚያዘው በአባወራ ከሆነ፣ ባሏ የሞተባትና የራሷ መሬት የሌላት ሴት መጀመሪያ ታጣለች፣ መጨረሻ ላይ ትደርሳለች። የምትደገፍበት ያ ኮረብታ ነበር።

ግማሽ ቀለብ ግማሽ ወተት አይደለም

"የፈረንጅ ላም ተቀበልን፣ እንደ አበሻዋ ሆነችብን" የሚለው ስሞታ ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው። ላም የበላችውን መጀመሪያ ለራሷ ታውላለች፤ ለመተንፈስ፣ ለመቆም፣ ሙቀቷን ለመጠበቅ። 350 ኪሎ የምትመዝነው ላም ደህና ሣር ብትበላ 5 ኪሎ ያህል ደረቅ ይዘት ለዚሁ ይሄዳል። ከዚያ በላይ ያለው ነው ወደ ወተት የሚዞረው፤ ለአንድ ሊትር ወተት 0.6 ኪሎ ገደማ። 9 ኪሎ ስትበላ ትርፉ 4 ኪሎ ነው፤ ወደ 6 ሊትር ይሰጣል። ቀለቡ ወደ 6 ኪሎ ቢወርድ ትርፉ 1 ኪሎ ብቻ ይሆናል፤ ወተቱም ከ2 ሊትር ያንሳል። ሣሩ በሲሶ ሲቀንስ ወተቱ በሦስት አራተኛ ገደማ ወረደ ማለት ነው። ቀለቡ ደረቅ ገለባ ብቻ ከሆነማ፣ የገለባ ኃይል ዝቅተኛ ስለሆነና ጨጓራዋ ውስጥ ስለሚቆይ ብዙ መብላትም አትችልም፤ ራሷን ብቻ ታኖራለች።

መጀመሪያ ላይ ሰውን የሚያታልል ነገር አለ። ላሟ እንደ ወለደች ስቧን እያቀለጠች ለሁለት ወር ያህል ጥሩ ታልባለች። ሦስተኛው ወር ላይ ወተቱ ሲወርድ "አየሩ ከበዳት" ይባላል። የከሳች ላም ድራት (ኮርማ የመፈለግ ምልክት) ሳታሳይ ትቆያለች፤ በየዓመቱ መውለድ የነበረባት በሁለት ዓመት ትወልዳለች። ጥፋቱ ወደ ዝርያው ወይም ወደ አዳቃዩ ይላካል።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው መራራ ነገር የተሸካሚዋ ድካም ነው። ለሦስት ላሞች 15 ኪሎ ደረቅ ይዘት አምጥታ ለእያንዳንዳቸው 5 ኪሎ ብትሰጥ፣ ያን ሁሉ ተሸክማ ወተት የለም። ያንኑ 15 ኪሎ ለአንዲት ላም 9፣ የቀረውን ለጥጃና ለጊደር ብታደርገው ወተት አለ። ስለዚህ "ከብት ይቀነስ" የሚሉት ተሳስተዋል ማለት አይቻልም።

ሆኖም ገበሬው ብዙ ከብት የሚያቆየው ባለማወቅ አይደለም። እንሰት ያለ ፍግ አይሆንም፤ ከሳም ወፈረም ከብት ፍግ ይሰጣል። ከብት ባንክ ነው፤ ለሕክምና፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ይሸጣል። አንዲት ውድ ላም ብትሞት ሁሉም ነገር አብሮ ይሞታል፤ ከሦስት አንዷ ብትሞት ሁለት ይቀራሉ። የእንስሳት መድን በማይደርስበት ቦታ ይህ ምክንያታዊ ጥንቃቄ ነው። የቁጥሩ ውሳኔ የባል፣ የሸክሙ ውጤት የሚስት መሆኑ ነው ሚዛኑን የሚያዛባው።

እንሰቱ በሁለት ወገን ሲበላ

በበጋ የሲዳማ ላም የመጨረሻ መጠጊያ የእንሰት ቅጠል ነው። ቅጠሉ በፕሮቲን ደህና ነው፤ ከደረቅ ይዘቱ ከ10 በመቶ በላይ። ግንዱና አምቾው (ከመሬት በታች ያለው ወፍራም ሥሩ) ግን ውሃና ስታርች እንጂ ይህ ነው የሚባል ፕሮቲን የላቸውም፤ እነሱን ብቻ ለላም ማቅረብ ሆድ መሙላት ነው። ከጓሮ ስለሚገኝ ለሴቷ ጊዜ ይቆጥባል፤ በሥራ ሰዓት ካየነው ከየትኛውም መኖ የቀረበ ነው።

ችግሩ እንሰት ለመብል እስኪደርስ እንደ ከፍታው ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል፤ በየበጋው ቅጠሉ ከተገፈፈ ደግሞ ይዘገያል፣ ይቀጥናል። የላሟ የበጋ ቀለብ ከዓመታት በኋላ ከቤተሰቡ ቆጮ ላይ ይቀነሳል። ከታች ያሉትን ያረጁ ቅጠሎች ብቻ መውሰድና የመሐሉን ለጋ አለመንካት ጉዳቱን ይቀንሳል።

ሌላው አደጋ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን በዋናነት የሚተላለፈው በቢላዋና በማጭድ ነው። የታመመን እንሰት ቆርጦ ለከብት መስጠት "ከሚጣል ይብሉት" ተብሎ የተለመደ ቢሆንም ቁርጥራጩ በግቢው ይበተናል፣ በዚያው ቢላዋ ጤነኛው ይቆረጣል፣ በዓመቱ ረድፉ ሁሉ ይጠወልጋል። የታመመውን ከነሥሩ ነቅሎ ከከብት አርቆ መቅበር፣ ቢላዋውን በእሳት ማጋል ወይም በበረኪና መዘፍዘፍ ያስፈልጋል። ቅጠሉን የምትቆርጠው ሴት ሆና ሳለ ስለ በሽታው የሚሰጠው ሥልጠና አባወራውን ከጠራ ትምህርቱ ቢላዋው ጋ ላይደርስ ይችላል።

የሚመከሩት ዘዴዎች በሥራ ሰዓት ሲመዘኑ

የግብርና ባለሙያዎች የሚያቀርቧቸው ዘዴዎች በአብዛኛው ትክክል ናቸው። መጠየቅ ያለበት ግን እያንዳንዱ ስንት ሸክም ያስቀራል፣ ስንት ይጨምራል የሚለው ነው።

ገለባን በዩሪያ ማከም ከሁሉ በላይ ይሰበካል። 5 ኪሎ ዩሪያ ከ80 እስከ 100 ሊትር ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ 100 ኪሎ ገለባ በስስ በስስ እየተነጠፈ ይረጫል፣ እየተረገጠ ይታመቃል፣ በፕላስቲክ ይታሸጋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በብርዳማው ደጋ ከአራት ሳምንት በላይ ቆይቶ፣ ይከፈታል፤ ለአንድ ቀን ሽታው ወጥቶለት ጥቂት በጥቂት ይለመዳል። የገለባው ፕሮቲን ከ3 ወይም 4 በመቶ ወደ 7 እና 8 ያድጋል። የሚበላሸው ፕላስቲኩ ሲቀደድ ነው፤ አየር ገብቶ ይሻግታል። ከተረጨ በኋላ የተረፈ ውሃ በሳፋ ከተረሳና ከብት ከጠጣው ይገድላል፤ ከስድስት ወር በታች ላለ ጥጃም አይሰጥም። በመመሪያው ላይ ያልተጻፈው 100 ሊትር ውሃ አምስት ጀሪካን መሆኑ ነው። አምስት ጀሪካን ለአሥር ቀን ቀለብ ያን ያህል አይከፋም፤ ነገር ግን "ውሃ ጨምሩ" ተብሎ ሲታዘዝ ውሃው ከየት እንደሚመጣ መቁጠር ተገቢ ነው።

ደሾ ሣር የራሳችን የደቡብ ሣር ነው፤ ከጨንቻ የወጣና እርከን ላይ አፈር የሚይዝ ነው። የሚተከለው ክረምት ሲገባ በግንጣይ ነው። ከሦስት አራት ወር በኋላ ይታጨዳል። ስለ ደሾ ብዙ ይጋነናል፤ ስሌቱ ይህ ነው። 100 ሜትር እርከን፣ ወርዱ ግማሽ ሜትር፣ 50 ካሬ ሜትር ይሆናል። በአንድ አጨዳ በካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ኪሎ ቢሰጥ፣ ከ100 እስከ 150 ኪሎ እርጥብ ሣር ነው፤ የአንዲት ላም የሁለት ሦስት ቀን ቀለብ። በዓመት አራት አምስት ጊዜ ቢታጨድ ወደ ሁለት ሳምንት ይጠጋል። ላሟን ዓመቱን ሙሉ አይቀልብም። ግን እነዚያ ሁለት ሳምንታት ሣሩ ከቤት በሃያ እርምጃ ላይ ነው። በየዓመቱ በበጋ በተፋሰስ ዘመቻ የሚሠሩት እርከኖች ሰኔ ላይ ሣር ሳይተከልባቸው ሲቀሩ የሚያስቆጨው ለዚህ ነው፤ ጉልበቱ ወጥቷል፣ የቀረው ግንጣይ ብቻ ነው።

ዝሆን ሣር ለወይናደጋው ይሻላል፤ በውርጭ ስለሚጎዳ ወደ ሁላ ከፍታ ሲወጣ ይደክማል። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ብዙ ሳያልፍ፣ በስድስት ስምንት ሳምንት መታጨድ አለበት፤ ሰው ግን እስኪገዝፍ ይጠብቃል፣ ያኔ ግንዱ እንጨት ይሆናል፣ ላሟ ግማሹን ትተዋለች፣ የተወችውን ደግሞ ሴቷ ተሸክማው ነበር። ለደጋው አጃና ቬች የተባለው የጥራጥሬ ወገን መኖ ተቀላቅለው ቢዘሩ፣ በአጥር ላይ ትሪ ሉሰርን የተባለው የመኖ ዛፍ ቢተከል ይሻላል። ትሪ ሉሰርን ውሃ የሚተኛበት ቦታ አይወድም፤ አብዛኛው ችግኝ የሚሞተው በዚህ ነው። ወይናደጋ ላይ ሰስባኒያና ሉኪኒያ የተባሉት የመኖ ዛፎች ይሠራሉ፤ ሉኪኒያ ከቀለቡ ሲሶ ካለፈ ፀጉር ያረግፋል።

ብዙ የማይወራላቸው ግን ሸክም የሚቀንሱ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ሣርን አጭዶ ለጥቂት ሰዓት ፀሐይ ላይ ማጠውለግ አንዱ ነው። 20 በመቶ የነበረው ደረቅ ይዘት 30 በመቶ ሲደርስ 45 ኪሎ የነበረው ሣር 30 ኪሎ ይሆናል፤ ቀለቡ ያው ነው፣ ላሟ ያጣችው ውሃ ብቻ ነው። ሁለት ሸክም ወደ አንድ ከግማሽ ወረደ ማለት ነው። ለዚህ ጠዋት በጠል ከማጨድ ይልቅ ረፋድ ላይ አጭዶ ከሰዓት ማንሳት ይመረጣል። እንቅፋቱ ሣሩ ሜዳ ላይ ከተተወ የሌላ ሰው ከብት መብላቱ ወይም መሰረቁ ነው፤ ስለዚህ የሚሠራው በራስ ማሳ ወይም ጎረቤቶች ተስማምተው ሲያጭዱ ነው።

ሁለተኛው ግርግም ነው። መሬት ላይ የተበተነ ሣር በእበትና በሽንት ተረግጦ እስከ ሲሶው ይጠፋል። ከአሮጌ ሳንቃ፣ ለአንዲት ላም 70 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ 40 ጥልቀት ያለው፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ ግርግም ይህን ያስቀራል። ሌላው የጣሪያ ውሃ ነው፤ 30 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ ብክነቱ ተቀንሶ ወደ 480 ሊትር፣ 24 ጀሪካን ይገኛል። አሸንዳና በርሜል ካለ የላሟ የክረምት ውሃ ከምንጭ አይመጣም።

በየቀኑ የሚሠራና በዘመቻ የሚሠራ

የሥራ ክፍፍሉን ለመረዳት አንድ ልዩነት ልብ ማለት ይጠቅማል። በየቀኑ የሚደጋገም ሥራ፣ እንደ ማጨድ፣ ውሃ መቅዳትና በረት መጥረግ፣ ሴቷ ላይ ይቀራል። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ሰብሰብ ብሎ የሚሠራ ሥራ ግን ደቦ ይጠራበታል፤ ወንዶች ይመጣሉ፣ ይበላል ይጠጣል፣ ይጨረሳል። ስለዚህ ባል "አግዝ" ከሚል ምክር ይልቅ ብዙ የሚለውጠው የዕለቱን ሥራ ወደ ዘመቻ ሥራ የሚቀይር ዘዴ ነው። ድርቆሽና ሳይሌጅ ጥቅማቸው እዚህ ላይ ነው።

ድርቆሽ ሣሩ ሲያብብ፣ ዝናቡ እንደቆመ በጥቅምት ይታጨዳል። ሁለት ሦስት ቀን እየተገላበጠ ይደርቃል፤ ግንዱ ሲጠመዘዝ የሚሰበር ከሆነ ደርሷል። 80 በ50 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ተረግጦ ሲታሰር 16 ኪሎ ያህል የሆነ እስር ይወጣል። እርጥብ ከታሰረ ይሞቃል፣ ይሻግታል። እስከ ታኅሣሥ ከተጠበቀ ደግሞ ሣሩ ቢጫ ገለባ ሆኖ ፕሮቲኑ ይወርዳል፤ የተለመደው ስሕተት ይኼኛው ነው፣ ምክንያቱም ጥቅምት የቡና ለቀማ መጀመሪያ ስለሆነ እጅ አይገኝም።

ሳይሌጅ አረንጓዴ መኖ ተከትክቶ፣ አየር እንዳይገባው ታሽጎ የሚኮመጥጥበት አሠራር ነው። ለቆጮ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ እንሰት በጉድጓድ የሚብላላበት ጥበብ ወንድሙ ነው። እሸቱ የተሸጠ የበቆሎ አገዳ ገና አረንጓዴ ሳለ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይከተከታል፣ በፕላስቲክ ከረጢት ወይም በጉድጓድ እየተረገጠ ይሞላል፣ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ካልተረገጠ አየር ይቀራል፣ ሻጋታ ይይዛል፤ የሻገተውን ለላም መስጠት ያስወርዳታል፣ መጣል ነው ያለበት። በገጀራ መከትከት ከባድ ስለሆነ በቀበሌ ደረጃ አንድ የሞተር መክተፊያ ለብዙ ቤት ቢዞር ሥራው የቀናት ይሆናል።

ገንዘቡና ውሳኔው

በልማድ ቅቤ የሴት ነበር። ወተቱን አጠራቅማ ትንጣለች፣ ገበያ አውጥታ ትሸጣለች፣ ለጨውና ለደብተር ታውላለች። ወተት በጥሬው ለማኅበር ሲሸጥና ሒሳቡ በወር ተጠራቅሞ በአባልነት ለተመዘገበው ሰው ሲከፈል፣ አባሉ አብዛኛውን ጊዜ ባል ነው። ገቢው አደገ፣ ሸክሟም አደገ፣ እጇ የሚገባው ግን ሊያንስ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ለላሟ ሁለተኛውን ሸክም ለማምጣት የምትተጋበት ምክንያት ይሳሳል፤ ይህን ስንፍና የሚሉት አሉ፣ ሒሳብ ነው። መከፈያው በሁለቱም ስም ወይም በሳምንት ቢሆን፣ የማኅበር አባልነት እንደ መሬት ደብተሩ ባልና ሚስትን ቢይዝ፣ ብዙ ወጪ የሌለው ለውጥ ነው።

ውሳኔውም ያው ነው። እርከኑ ላይ ደሾ ይተከል ወይስ ጫት፣ ከብት ይሸጥ ወይስ ይቆይ የሚለው በአብዛኛው በወንዱ ይወሰናል። ላሟ ድራት እንደመጣባት በረት ውስጥ መጀመሪያ የምታየው ሴቷ ናት፤ ጠዋት ከታየ ማታ፣ ማታ ከታየ በማግስቱ ጠዋት መዳቀል አለበት። የአዳቃዩን ስልክ የያዘው ባል ገበያ ከዋለ ሦስት ሳምንት ይጠበቃል።

ሐዋሳ ላይ የሚታየው

በከተማው ያለ ወተት አርቢ መኖውን ይገዛል፤ ከዱቄት ፋብሪካ ፉርሽካ፣ ከዘይት መጭመቂያ ፋጉሎ፣ ከቢራ ፋብሪካ የብቅል ተረፈ ምርት፣ ከአርሲ በኩል በመኪና የሚመጣ ገለባ። እነዚህ ወደ ኮረብታው እምብዛም አይወጡም፤ ገለባ ብዙ ቦታ ይዞ ትንሽ የሚመዝን ስለሆነ የመንገድ ዋጋው ከራሱ ዋጋ ይበልጣል። ከሐይቁ ዳር ሣርና ቄጠማ አጭደው ለከተማ አርቢዎች የሚሸጡም አሉ፤ ከውሃ ዳር የመጣ እርጥብ ሣር የጉበት ትል ስለሚያመጣ በደንብ አድርቆ ማብላት ይሻላል።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ከተመረቀ ወዲህ ከነዚሁ ኮረብቶች ብዙ ወጣት ሴቶች ወርደዋል። ለእነሱ ደመወዝ ነው፤ ለቤቱ ደግሞ አንድ ማጭድና አንድ ጀርባ ጎደለ። ለመኖ የሚወጣ ሰዓት በነፃ የሚገኝ ነው የሚለው ግምት እዚህ ላይ ይሰበራል፤ ልጅቷ ሌላ የምትሠራው ስታገኝ ሣሩ ዋጋ እንዳለው ይታያል። እናትየዋ ብቻዋን ስትቀር ወይ ላሟ ትቀነሳለች፣ ወይ ቀለቡ ይቀነሳል። ሁለተኛው ሲመረጥ ወተቱ የት እንደሚገባ ከላይ ያለው ስሌት አሳይቷል።

ጊደር የሚያድሉ ተቋማት ተረካቢውን ሲመርጡ የበረቱን ወለልና ጣሪያ ያያሉ። የድርቆሹን ክምርም ቢያዩ አይከፋም። ከኅዳር እስከ የካቲት 120 ቀን ነው፤ ላሟ ግማሽ ቀለቧን፣ በቀን 4.5 ኪሎ፣ ከድርቆሽ ብታገኝ 540 ኪሎ ይሆናል። ባለ 16 ኪሎ እስር ከሆነ 34 እስር ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ በራፉ ላይ 34 እስር የሌለበት ቤት ያችን ጊደር ከኅዳር ጀምሮ የሚቀልባት በማን ጀርባ እንደሆነ ከማስረከባቸው በፊት ሚስትየዋን ቢጠይቋት ትነግራቸዋለች።